ለሻንጣ የተሰፋ ልብስ

ባፈናን የሰደበው ካሱ ነው። ቀኑ ያለፈው የመስቀል ዕለት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ትንሽ ያለፈ፣ ቦታው የአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ የእነ ኖላዊት ግቢ፣ ማንጎው ሥር። ባፈና ይህን ሁሉ ለምን በልቡ እንደያዘው ቢጠይቁት መልስ የለውም። ይዞታል፣ በቃ። የካሱ ሸሚዝ አንገቱ ላይ አንድ ቁልፍ እንደጎደለው ሳይቀር ይዞታል።

የጠራችው ራሷ ኖላዊት ነበረች። ዘንድሮ መስቀልን እኛ ጋ ካልዋልክ አልሰማህም ብላ። አዲስ ሱሪ ገዛ፣ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ ሄደ። ግቢው በእንግዳ ሞልቷል። ሥጋው በዳጣ፣ ቆጮው በቅጠል ላይ ቀርቧል። ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ ተሰጥቶት፣ እጁን ታጥቦ ገና ሳይደርቅለት፣ የኖላዊት ታላቅ ወንድም ካሱ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። በደህና ነው የጠየቀው። ባፈናም በደህና መለሰ፤ የኤርጫፎ፣ የገረሴው። የእነ ኖላዊት ዘር የወረደው ከዚያው ከደጋው ከገረሴ ነውና ካሱ ስሙን ያውቀዋል። ገበያ ዳር ከሰው ራቅ ብሎ ቆዳ ዘርግቶ ይሸጥ የነበረውን ኤርጫፎን የማያውቅ የገረሴ ሰው የለም። ካሱ ፊቱን ወደ ጓዳ አዞረና፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ፣ ውሃ አምጡልኝ እንደሚል ሰው፣

"የእሱን በር ላይ አውጡለት" አለ።

ስድቡ ይኸው ነው። "ፋቂ" አላለውም። ቢለው ይሻል ነበር፤ ለ"ፋቂ" ባፈና ከልጅነቱ ጀምሮ ያዘጋጀው መልስ ነበረው። በር ላይ ለሚወጣ ምግብ ግን መልስ አላዘጋጀም። ተነሣ። ኖላዊትን አያት። ትሪ ይዛ ቆማለች። ዐይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ አንድ ቃል አልወጣትም። ወጣና ቁልቁለቱን እስከ ታችኛው ሰፈር፣ እስከ ሲቀላ፣ በእግሩ ወረደ። ቤቱ ሲደርስ የካሱ ቃል ከጆሮው ጠፍቶ ነበር። የእሷ ዝምታ ግን እዚያው ነበር፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ኖላዊትን የተዋወቃት ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው። የቦርሳዋ ዚፕ ተበላሽቶ ወደ ስፌት ሱቁ መጣች። ዚፑ ተሠራ፤ እሷ ግን መምጣቷን አላቆመችም። እሱ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ እሷ ነጭ ጋዋን ለብሳ ላቦራቶሪ የምትገባ። አንዳንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቻ ጫፍ ላይ፣ መሬቱ ወደ ታች ተንዶ ሁለቱ ሐይቆች፣ አባያና ጫሞ፣ ከሚታዩበት ቦታ ተቀምጠው ስለማይረባ ነገር ሲያወሩ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን እጁን ይዛ መዳፉን አገላብጣ አየችና "ይሄ ሁሉ የመርፌ ነው?" አለችው። የእሱን እጅ እንዲያ አድርጎ የያዘ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ በኋላም የለም። ከመስቀል ወዲህ ግን የስልክ ቁጥሯን ዘጋባት።

እንግዲህ በየካቲት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ቀን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ሱቁ ውስጥ የሲንጀር ስፌት መኪናውን እያስኬደ ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና አለ። ኖላዊት ናት። በእጇ ትልቅ ሰማያዊ ሻንጣ ትጎትታለች።

"እንደምን ዋሉ" አላት።

"ዋሉ?"

"ምን ልታዘዝ?"

"ባፈና፣ አንቱ ሆንኩብህ?"

"ደንበኛ ይከበራል" አለ፤ ዐይኑን ከመርፌው ላይ ሳያነሣ።

ሻንጣውን ወደ ውስጥ ጎተተችው። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ መምህር፣ ጅግጅጋ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ እንዳገኘች፣ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን እንደምትቀይር፣ ሻንጣው ስንት እጅ እንደሚነካው እንደማታውቅ ነገረችው። ጓደኛዋ ኢየሩስ በቀደም ሄዳ ሻንጣዋ አንድ እግሩ ተገንጥሎ፣ ልብሷ ሁሉ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ነው የደረሰው አለች።

ይህን ለባፈና መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነበር። እንጀራው ነው። ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ማንጎ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጫሞ ዓሣ አለ። ከበረዶ ጋር ካርቶን ውስጥ ይታሸጋል፤ በረዶው ሰማይ ላይ ይሟሟና ውሃው የማያውቀው ሰው ሻንጣ ላይ ይንቆረቆራል። ባፈና ለዚህ ነው ከሸራ የሻንጣ ልብስ የሚሰፋው። ውስጡን ላስቲክ ያለብሰዋል፣ እግሩንና እጀታውን ክፍት ይተዋል፣ አፉን ደግሞ ፈታሾቹ ክፈት ባሉት ጊዜ እንዲፈታ በገመድ ያስረዋል። ጠዋት ጠዋት አውሮፕላን ባለበት ቀን ደግሞ ማረፊያው ደጅ ከዛፉ ሥር ሆኖ ለቸኮለ መንገደኛ ሻንጣ በላስቲክ ይጠቀልላል።

"ለማንም ደንበኛ እንደምትሠራው ሥራልኝ" አለች ኖላዊት። "ሌላ ነገር አልጠይቅህም።"

ለማንም። ባፈና ይህችን ቃል ብቻ ለይቶ ሰማት። እሷ ያለችው እንዳያስቸግራት ይሁን እንዳታስቸግረው አልለየም። ሻንጣውን ለካ። ለክቶ ሲጨርስም አልሄደችም። እጇን የሲንጀሩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ቆመች። ስልክህ ጠፋ እንዴ አለችው። አልጠፋም አላት። እሺ ብላ፣ ሻንጣውን ትታ ወጣች። ስትወጣ አንዴ ዞር ብላ አየችው። ያ አስተያየት የይቅርታ ይሁን የስንብት፣ ወይስ እንዲያው ፀሐዩ ዐይኗ ውስጥ ገብቶባት ይሁን፣ ባፈና ቁጭ ብሎ ሲያሰላስል ክሩ ከመርፌው ወጥቶ ሲንጀሩ ባዶውን ሲሰፋ ቆየ።

ከጎኑ ሙዝ የምትሸጠው ፋንታዬ ሁሉንም አይታለች።

"ይቺ ልጅ ሻንጣ ልታሰፋ ነው የመጣችው?"

"ሌላ ለምን ትመጣለች?"

"እኔ ምን አውቄ። ሙዝ ሻጭ ነኝ። ዐይን ብቻ ነው ያለኝ።"

ያንን ልብስ ሲሰፋ የዋለውን ያህል ለማንም ውሎ አያውቅም። ፋንታዬ ብቅ እያለች፣ ለሻንጣው ነው ለባለሻንጣዋ ነው ልክ የምታወጣው እያለች ስትተርበው ዋለች። ሸራው ተሰፍቶ አለቀ፣ ላስቲኩም አለቀ፣ የቀረው ማዕዘኑ ነው። ሻንጣ የሚሞተው በማዕዘኑ ነው። ሲወረወር መሬት ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። ባፈና ለሰው ሁሉ ማዕዘኑን የሚደግፈው በጎማ ቁራጭ ነው። ጎማ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ከተመታ ይሰነጠቃል።

ቆዳ አይሰነጠቅም። ባፈና ግን ቆዳ አይሠራም። ጫማ ይዞ የመጣውን፣ ቀበቶ ይዞ የመጣውን ሁሉ ቆዳ አልሠራም ብሎ ነው የሚመልሰው። ከሱቁ ውስጥ የቆዳ ሽታ እንዲወጣ አይፈልግም። ሽታውን ያገኘ ሰው እሱ ከየት እንደመጣ ያውቅበታላ። ሆኖም ከአልጋው ሥር፣ አባቱ ኤርጫፎ ሳይሞት በእጁ አልፍቶ፣ በቅቤ አሽቶ የተወለት አንድ ቆዳ ነበረው። ያንን አወጣ። በየማዕዘኑ ልክ ቆረጠ። ከሸራውና ከላስቲኩ መሃል አድርጎ፣ ከውጭ ምንም እንዳይታይ፣ በወስፌ እያጣበቀ ሰፋው።

ለምን እንዳደረገው ራሱም አላወቀም። አንዴ፣ መንገድ ላይ የሚደርስባት ነገር እንዳይኖር ነው ይላል ለራሱ። ልብሷ፣ መጽሐፏ፣ እናቷ የሚያሲዟት በሶ፣ ሁሉ ደህና ይድረስ ነው። አንዴ ደግሞ ካሱ ትዝ ይለዋል። ያ ሰው የእህቱን ሻንጣ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ፣ ሳያውቀው የኤርጫፎን ቆዳ ይሸከማል። ይህን ሲያስብ ደስ አለው። ደስታው ግን እንደ መራራ ቅጠል አፉ ውስጥ ቀረ። ለምትወደው ሰው የሚሠራ ነገር ውስጥ በቀል ምን ይሠራል? ከሆነስ የትኛው ነው በላይ የተሰፋው? አላወቀም።

ሻንጣውን ራሱ ወሰደላት። ሴቻ ደረሰና በሩን አንኳኳ። ወደ ግቢው አልገባም፤ ከደፉ ወዲህ ቆመ። የከፈቱት እናትየው እማማ ሻሺቱ ናቸው። ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ግባ" አሉት።

"ቸኩያለሁ።"

"ግባ ልጄ፣ አንድ ነገር ቅመስ። ቸኩያለሁ አይባልም ከሰው ቤት።"

ሊገባ ነበር ማለት ይቻላል። እግሩ ደፉን ሊያልፍ ሲል ግን ዐይኑ ከበሩ ጎን አረፈ። ከግድግዳው ሥር አንዲት በርጩማ ተቀምጣለች። አጠገቧ ከአፈር ከፍ ተደርጎ በጡብ ላይ የተቀመጠ ሳህን፣ በላዩ የተደፋ ብርጭቆ። ታጥበው የተዘጋጁ። እግሩን ወደ ኋላ መለሰ። ስለዚህ ለእሱ የሚገባው ቦታ ተዘጋጅቶለታል። ግባ ያሉት እስከዚያች በርጩማ ድረስ ነው። በመስቀሉ ዕለት በቃል የተባለው፣ ይኸው አሁን ዕቃ ተገዝቶለት ቋሚ ሆኗል።

ኖላዊት ከውስጥ መጣች። ሻንጣውን ተቀበለችው፤ እጇን በልብሱ ላይ አሳለፈች፤ ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ ቆመ። ጫን አደረገችው።

"ምን ከተትክበት?"

"ጎማ ነው።"

አየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው። እንደዋሸ አውቃለች፤ እሱም እንዳወቀች አወቀ። ነገር ግን ዐይኗ ውስጥ ያለው ንዴት አልነበረም፣ መጸየፍም አልነበረም፤ ምን እንደነበረ ስም አጣለት። እማማ ሻሺቱ አሁንም ግባ እንጂ እያሉ ነው፤ ድምፃቸው ልመና ልመና ይላል። ሳህኗን እንደገና አያት። በደህና ግቡ ብሎ ዞረ። መንገዱን ሁሉ፣ ሰው ሰድቦ እንዴት ይለምናል፣ እያለ ወረደ።

የጉዞዋ ቀን ጠዋት ባፈና ላይሄድ ለራሱ ምሎ ሄደ። ሥራዬ ነው አለ። ከዛፉ ሥር ጠረጴዛውን ዘረጋ፣ የላስቲኩን ጥቅል አቆመ። አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ማንጎ ያጨቀበትን ሻንጣ እየጠቀለለለት ሳለ የእነ ኖላዊት መኪና መጣ። መጀመሪያ እማማ ሻሺቱ ወረዱ። ከዚያ ኖላዊት። ከዚያ ካሱ፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ።

ባፈና እጁ ቆመ። የሰፋው ልብስ ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ተቀዷል። ሸራው በምላጭ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ ቡናማው ቆዳ በየማዕዘኑ ለፀሐይ ወጥቷል። ከሩቅ ይታያል። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ያየዋል።

የማንጎውን ሻንጣ በግማሽ እንደተጠቀለለ ትቶ ሄደ።  ካሱ ፊት ቆመ። ምን ሆኖ ነው የተቀደደው ብሎ ጠየቀ።

"እኔን አትየኝ" አለ ካሱ። "ራሷ ናት የቀደደችው።"

ባፈና ወደ እሷ ዞረ። ያኔ ነው የምትጎዳ ቃል የመጣችለት። ለሰው ቢያሳዩት ምን ያገኛሉ አላት፤ አባቴን እዚህ ድረስ አምጥተው ለመንገደኛ ቢያሳዩ ምን ይጠቅምዎታል አላት። አሁንም አንቱ እያለ። ኖላዊት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ብቻ፣ ጎንበስ ብለህ እየው አለችው።

ጎንበስ አለ። የተሰነጠቀው ሸራ እንዲሁ አልተተወም። ጠርዙ ታጥፎ፣ በቀይ ክር፣ መርፌ ይዞ በማያውቅ እጅ ተሰፍቷል። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዳንዱ ተወላግዶ። ቆዳው ዙሪያ ተከቦ፣ ኪስ ላይ እንደሚደረግ ጌጥ።

"እጄ ስንት ቦታ እንደተወጋ ብታይ" አለች። "ጎማ ነው አልከኝ። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ ባፈና፤ ጎማና ቆዳ አልለይም? የደበቅከው ከእኔ ነው? በዚህ ሻንጣ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ሊታይ የሚገባው እሱ ነው፤ ሌላው ሸራ ነው። ካሱም ትላንት የማን ሥራ ነው ሲለኝ፣ የባፈና ነው፣ ቆዳ አልነካም የሚል ሰው የነካው የአባቱን የኤርጫፎን ነው አልኩት። አውቆ ነው የተሸከመው።"

ካሱ ሻንጣውን አውርዶ መሬት ላይ አቆመው። ባፈናን አላየውም። ወደ አባያ በኩል፣ ሐይቁ ላይ ወዳለው ጉም እያየ፣ "እዚች ጋ ክሩ ላልቷል። አጥብቅላት" አለ።

ምን ማለት ነው? ትእዛዝ ነው? ባፈና አላወቀም። ግን ክሩ እውነትም ላልቷል፤ ላልቶ ደግሞ አይሄድም። ወስፌውን ከኪሱ አወጣና ተንበረከከ። እሷ ከበላዩ ቆማለች። እየሰፋ ነው የሰማት።

"በመስቀል ዕለት ዝም አልኩ። እውነት ነው። ደንግጬ ነው፤ ትሪው ከእጄ እንዳይወድቅ ነበር የማስበው። ከዚያ ግን ሳህኔን ይዤ በር ላይ ወጣሁ። ካንተ ጋር ልበላ። የለህም። መንገዱ መጨረሻ ድረስ ሮጥኩ። ተመልሼ እዚያው በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንግዳው ሁሉ እያየኝ ብቻዬን በላሁ። ስደውልልህ ቁጥሬን ዘግተኸዋል።"

እማማ ሻሺቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ከዚያ ወዲህ እቤት ገብታ በልታ አታውቅም" አሉ። "በርጩማ አስቀመጠች፣ ሳህን አስቀመጠች። ዝናብም ቢሆን በር ላይ ናት። ወንድሟ ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ አልሰማችም። ባፈና ገብቶ ካልተቀመጠ እኔም አልገባም አለች። ያን ቀን ግባ ስልህ እኮ፣ ልጄ፣ ለአንተ ብቻ አልነበረም።"

ወስፌው ከእጁ ሾልኮ አውራ ጣቱን ወጋው። ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገና መስፋቱን ቀጠለ። በርጩማዋ፣ ሳህኗ፣ የተደፋችው ብርጭቆ። ለእሱ ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሸሻት ያች ቦታ የእሷ ነበረች። ከመስቀል እስከ የካቲት ሙሉ እሱ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ዝምታዋን ሲቆጥርባት፣ እሷ በር ላይ ተቀምጣ ስትበላ። የተናደደበት ነገር ሁሉ ከእጁ እየወጣ ነው፤ ንዴቱ ግን አልወጣም፤ የሚያርፍበት አጥቶ ደረቱ ውስጥ ይዞራል። በማን ላይ ነው አሁን? በካሱ? ካሱ ቆሞ ጉም ያያል። በራሱ? ወይስ ይህን ሁሉ ሳትነግረው ዛሬ፣ በመሄጃዋ ቀን፣ በሰው ፊት ባወረደችበት በእሷ?

ከውስጥ መንገደኞች እንዲገቡ ጥሪ ተሰማ። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ቋጠረ፤ ትርፉን ክር በጥርሱ በጠሰው። ቀና ሲል ዐይኗ እንባ ሞልቷል፣ አልፈሰሰም። የሻንጣውን እጀታ ይዛለች፤ ጣቶቿ ጫፍ ጫፋቸው በመርፌ ተበሳስቷል።

"ማታ ጅግጅጋ እገባለሁ" አለች። "እደውልልሃለሁ። ታነሣዋለህ?"

አፉን ከፈተ። ባፈና በሕይወቱ ለስድብ መልስ አጥቶ ቢያውቅ አንዴ ነው። ለሚንቀው፣ ለሚገፋው፣ ለሚያሾፍበት ሁሉ የተሳለ ቃል ምላሱ ሥር አለው። አሁን ግን ምላሱን አገላብጦ ቢፈልግ የሚያገኘው እነዚያኑ ብቻ ነው። አንዳቸውም ለእሷ አይሆኑም። ደስ ብሎት እንደሆነ አያውቅም። አፍሮ እንደሆነ አያውቅም። እሺ ማለት እንዲህ የሚከብድ ቃል ነው እንዴ?

"መልስላት እንጂ ልጄ" አሉ እማማ ሻሺቱ ቀስ ብለው።

የአዲስ አበባው ሰው ከዛፉ ሥር ሆኖ፣ ጌታው ሻንጣዬን ጨርስልኝ እንጂ እያለ ይጣራል። ባፈና ሰውየውንም አልሰማም። ወስፌውን መሬት ላይ ጣለው፤ ዐይኗን ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እርምጃው እንደ ሩጫም እንደ ስካርም ነበር። ከኋላው ስሙን አንዴ ጠራችው፤ ጮክ ብላ ሳይሆን፣ አጠገቧ ያለ ይመስል። ሰማት። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ፣ ወይም ተሰፋ፣ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ፣ ሳይመልስላት ሄደ።